ፉርኖ ዱቄት ሲያልቅ በምን ይተካል? ዱቄትንና ማወፈሪያን በቤት ውስጥ የመተካት አሠራር

«ፉርኖ ዱቄት አልቆብኛል፤ በጤፍ ዱቄት ብሠራው ኬኩ ይሆናል?»፣ «ኮርንስታርች የለኝም፤ ነጭ ሶሱን በቡላ ባወፍረውስ?» የሚሉት ጥያቄዎች ከአራት ኪሎ ጎረቤቶቼም ከሥራ ባልደረቦቼም በየሳምንቱ ይመጡልኛል። በስልክ የሚሰጥ መልስ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል፤ መጠኑ ሲነገር ምክንያቱ ይረሳል፣ ምክንያቱ ሲነገር የውሃው ልክ ይዘለላል። ስለዚህ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ። እርምጃዎቹ የተጻፉት አዲስ አበባ ላይ ለሚያበስልና ለሚጋግር ሰው ነው፤ የከተማው ነገር ለምን እንደተነሣ 6ኛው እርምጃ ላይ ያገኙታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዱቄቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም፤ ቤትዎ ያለውን ይዘው መጀመር ይችላሉ። መሣሪያዎቹን ግን፣ በተለይ ሚዛኑን፣ አይዝለሉ።

- በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን
- 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሾርባ ማንኪያና 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሻይ ማንኪያ
- ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የፈሳሽ መለኪያ
- ቀዳዳው የጠበበ ወንፊት
- ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ቢገኝ ደግሞ የእንቁላል መምቻ
- ፉርኖ ዱቄት ወይም ወፍጮ ቤት የተፈጨ የስንዴ ዱቄት
- ለመተኪያ የሚሆን የጤፍ፣ የማሽላ፣ የበቆሎ፣ የገብስ፣ የአጃ፣ የዳጉሳ፣ የሩዝ ወይም ቅመም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት
- ለማወፈሪያ ኮርንስታርች፣ ቡላ ወይም የድንች ስታርች
- ለማያያዣ እንቁላል ወይም የተፈጨ ተልባ
- እርሾና ቤኪንግ ፓውደር

እህሉን ከእህል በረንዳ ወይም ከሾላ ገበያ ገዝቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ምን እንደገባበት የሚያውቁት ያን ጊዜ ብቻ ነውና።

እርምጃ 1፦ ዱቄቱ በምግቡ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይለዩ

ዱቄትን በዱቄት ከመተካትዎ በፊት «እዚህ ምግብ ውስጥ ዱቄቱ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዳቦ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ድር ይሠራል፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር ይዞ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ይህ ድር ነው። ነጭ ሶስ ውስጥ ግን ግሉተኑ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም፤ የሚፈለገው በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው ስታርች ነው። ብስኩት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ዱቄቱ ቅቤውንና ስኳሩን ይዞ ከመቆም በቀር ሌላ ከባድ ሥራ የለበትም።

ልዩነቱን በዓይንዎ ለማየት አንድ ትንሽ ሙከራ ይሥሩ። 50 ግራም ፉርኖ ዱቄት በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ያቡኩ፣ 5 ደቂቃ ይሹትና 20 ደቂቃ ያሳርፉት። ከዚያ ድቡልቡሉን ውሃ በሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስገብተው ቀስ እያሉ ይሹት። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ውሃውን እየቀየሩ ሲቀጥሉ መዳፍዎ ላይ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ግራጫማ ቁራጭ ይቀራል። ግሉተን የሚባለው እሱ ነው፤ የታጠበው ነጭ ደግሞ ስታርቹ ነው። ይህንኑ በጤፍ ሊጥ ሲሞክሩት ሊጡ በጣቶችዎ መካከል ተበትኖ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ እጅዎ ላይ የሚሳብ ነገር አይቀርም። አንዲት ጎረቤቴ ይህን በዓይኗ ካየች ወዲህ ድፎ ዳቦን በሙሉ ጤፍ ስለመጋገር ጠይቃኝ አታውቅም።

እንግዲህ ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፒዛና የሳምቡሳ ሊጥ ከስንዴ ብዙም መራቅ አይችሉም። ኬክ በመካከል ነው፤ እንቁላሉ ከፊሉን የመያዝ ሥራ ስለሚሠራለት ዱቄቱን በከፊል መለወጥ ይቻላል። ብስኩት፣ ፓንኬክና ቂጣ ብዙ ለውጥ ይችላሉ። ወጥ፣ ሾርባና ሶስ ስንዴን ጨርሶ ሊተዉት ይችላሉ።

እርምጃ 2፦ በክብደት ይለኩ

240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ስኒ ፉርኖ ዱቄት ከ120 እስከ 130 ግራም ይመዝናል። በዚያው ስኒ የተለካ የጤፍ ዱቄት ግን ወደ 160 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ «አንድ ስኒ በአንድ ስኒ» ብለው ሲተኩ ሳያውቁት የዱቄቱን ሩብ ያህል ትርፍ ጨምረዋል ማለት ነው፤ ኬኩ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በጤፉ ጠባይ አይደለም። በየቤታችን ያለው ብርጭቆም መጠኑ አንድ አይደለም። የአሠራር ጽሑፉ በስኒ የተጻፈ ከሆነ ፉርኖ ዱቄቱን 125 ግራም ብለው ያስሉና የሚተካውን ዱቄት በዚያው ግራም ይመዝኑ።

እርምጃ 3፦ ዱቄቱን በጣት፣ በአፍንጫና በወንፊት ይፈትሹ

ከዱቄቱ ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣትዎ መካከል ያሹት። አሸዋ አሸዋ የሚል ዱቄት ኬክ ውስጥ ገብቶም ጥርስ ላይ ያንኑ ይላል፤ መጋገር አያልመውም። በተለይ ሩዝ፣ ማሽላና በቆሎ ሲያስፈጩ ወፍጮ ቤቱን «አልመህ ፍጭልኝ» ማለት ይገባል፤ ለገንፎ የሚሆን አፈጫጨት ለኬክ አይሆንም። ከዚያ ያሽትቱት። የተፈጨ አጃ፣ በቆሎና ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ዘይት ስላላቸው ሲቆዩ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣሉ፤ ያ ሽታ በቅቤም በቫኒላም አይሸፈንም። በመጨረሻ ይንፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ የስያሜ ጉዳይ አለ። ሱፐርማርኬት ውስጥ «ኮርን ፍላወር» ተብሎ የሚሸጠው እሽግ ብዙውን ጊዜ ኮርንስታርች ነው፤ ወፍጮ ቤት የሚፈጨው የበቆሎ ዱቄት ደግሞ ሌላ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት በጣትዎ ጫን አድርገው ያሹት፦ ስታርቹ ድምፅ ያሰማል፣ ጨው የመሰለ ንጣት አለው፣ ጣት ላይ እንደ ፓውደር ይለጠፋል። የበቆሎ ዱቄት ግን ድምፅ የለውም፣ የበቆሎ ሽታ አለው፣ ፍሬ ፍሬም ይላል። አንዱን በሌላው ቦታ በእኩል መጠን የተጠቀመ ሰው ወይ ቀጭን ሶስ ወይ ገንፎ ያገኛል።

እርምጃ 4፦ ለሶስ፣ ለሾርባና ለመረቅ ትክክለኛውን የማወፈሪያ መጠን ይምረጡ

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ግማሽ ሊትር ፈሳሽን መካከለኛ ውፍረት ላይ ለማድረስ ናቸው፤ ለላዛኛ የሚሆን ነጭ ሶስን ያስቡ። ማንኪያው ተደልድሎ የተለካ እንጂ የተቆለለ አይደለም።

- ፉርኖ ዱቄት፦ 4 የሾርባ ማንኪያ (32 ግራም ያህል)
- ኮርንስታርች፦ 2 የሾርባ ማንኪያ (16 ግራም ያህል)
- የድንች ስታርች፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ
- ቡላ፦ በ2 የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩ፣ ካስፈለገ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ይጨምሩ
- የሩዝ ዱቄት፦ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ
- የጤፍ ዱቄት፦ በ3 ይጀምሩ፤ ቀለሙን እንደሚያጠቁር አስቀድመው ይወቁ
- የሽምብራ ዱቄት፦ በ4 ይጀምሩ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያንተክትኩት

ኮርንስታርች ግማሽ የሚበቃው ንጹህ ስታርች ስለሆነ ነው፤ ፉርኖ ዱቄት ውስጥ ከስታርቹ ጋር የማያወፍር ፕሮቲንም አለ። ቡላም ከእንሰት ተጨምቆ የሚዘቅጥ ስታርች በመሆኑ ከኮርንስታርች ወገን ነው። የእርጥበቱ መጠን ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ ግን በግራም ቁርጥ ያለ ልክ አልሰጥም፤ እርጥብ ቡላ ክብደቱ ከፊሉ ውሃ ነው። ጎምዘዝ ያለ ሽታ ያለው ቡላ ለነጭ ሶስ አይሆንም፤ ለገንፎ ያቆዩት። በሶን ግን ወተት በሚገባበት ነጭ ሶስ ላይ ባይሞክሩት ይሻላል። ቆንጆ የሚሆነው የበግ ወይም የአትክልት ሾርባ ላይ ነው። የበሶ ዱቄት የማወፈር ኃይል ከተራ የገብስ ዱቄት ያነሰ ነው፤ ገብሱ ሲቆላ ከስታርቹ ከፊሉ ተሰባብሯልና።

እርምጃ 5፦ ማወፈሪያውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩ

ደረቅ ዱቄት የፈላ ፈሳሽ ላይ ሲበተን ከውጭ ያለው ወዲያው አብጦ ይጣበቃል፣ ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ጓል የሚባለው ይህ ነው፤ ምንም ቢያማስሉት አይፈታም። ስለዚህ ማወፈሪያውን በእጥፉ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድመው ይበጥብጡ። ቡላን ሲበጠብጡ ጥቂት ሰከንድ ጠብቀው ሳህኑን ይመልከቱ፦ ከላይ ውሃው ጠርቶ፣ ከታች ነጩ ተጭኖ ጠንክሮ ታገኙታላችሁ። እንደዚያው ቢያፈሱት ውሃው ብቻ ገብቶ ስታርቹ ሳህኑ ላይ ይቀራል፤ በመሆኑም ልክ ከማፍሰስዎ በፊት ታቹን ፈቅፍቀው እንደገና ያማስሉት። ከዚያ ፈሳሹ ቀስ ብሎ በሚፈላበት ጊዜ በአንድ እጅ እያፈሰሱ በሌላው ያማስሉ።

ፉርኖ ዱቄት ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ዱቄቱን በእኩል ክብደት ቅቤ ወይም ዘይት ለ2 ደቂቃ ያህል አቁላልተው ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩበት፤ ቅባቱ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ስለሚሸፍነው እርስ በርሱ አይጓጉልም። ዱቄቱ እስኪቀላ ካቆዩት ጣዕሙ ቢጨምርም የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ።

የማብሰያው ጊዜ ላይ ይጠንቀቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ኮርንስታርች ሙሉ ውፍረቱን የሚያገኘው ደግሞ ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የውጭ አገር የአሠራር ጽሑፍ «1 ደቂቃ ያፍሉት» ካለ እርስዎ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ እያማሰሉ ያፍሉት፤ በውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ከማብሰል ይልቅም ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ ያድርጉት። ቶሎ የሚያወጣ ሰው ሶሱ ስለሚቀጥንበት ሌላ ማንኪያ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ድንጋይ ይሆንበታል። የድንች ስታርች በተቃራኒው ብዙ መፍላት አይወድም፤ እንደወፈረ ያውጡት።

ሎሚ ወይም ሆምጣጤ የሚገባ ከሆነ መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ካወረዱ በኋላ ይጨምሩ። አሲድ ከስታርች ጋር ረጅም ጊዜ ሲፈላ ስታርቹን ይሰባብረዋል፣ ሶሱም ይቀጥናል።

እርምጃ 6፦ ወደ መጋገር ከመሄድዎ በፊት ከፍታውን ያስተካክሉ

ባለፈው ዓመት ከውጭ አገር የአሠራር ጽሑፍ ወስጄ፣ ፉርኖውን ሙሉ በሙሉ በጤፍ ተክቼ አንድ ኬክ ጋግሬ ነበር። ከኦቨን ሲወጣ ጉልላቱ ያምር ነበር፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ መሐሉ እንደ ሳህን ጎደጎደ። ያኔ ጥፋቱን ለጤፉ ሰጥቼ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ኬክ በፉርኖ ዱቄት ብጋግረው እሱም ጎደጎደ፤ ያ ጽሑፍ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነበር። የአየሩ ግፊት ዝቅ ባለበት ከተማ ጋዙ በሊጡ ውስጥ በፍጥነትና በብዛት ይለጠጣል፤ ሊጡ ሳይበስል አረፋዎቹ ይፈነዱና መሐሉ ይወርዳል። ግሉተን የሌለው ዱቄት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል።

ስለዚህ ሁለቱን ለውጦች አይደባልቁ። መጀመሪያ ኬኩን በፉርኖ ዱቄት እዚህ ከተማ እንዲሠራ ያድርጉት፤ ለዚህም፦

- በእያንዳንዱ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይቀንሱ፤
- በእያንዳንዱ ስኒ ስኳር ላይ ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ፤
- በእያንዳንዱ ስኒ ፈሳሽ ላይ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፤
- የኦቨኑን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ያድርጉ።

ስኳሩ የሚቀነሰው ውሃ በፍጥነት ስለሚተንና የስኳሩ ክምችት ሊጡን ስለሚያላላው ነው። እርሾ ያለበት ሊጥ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ትተው መጠኑን ይዩ፤ እዚህ ቶሎ ኩፍ ይላል። የአገር ቤት አሠራር ለዚህ ከፍታ ተሠርቶ የኖረ ስለሆነ ይህ ማስተካከያ አያስፈልገውም።

እርምጃ 7፦ ከሩብ ይጀምሩ

ኬክ ላይ ከጠቅላላው ዱቄት ሩቡን፣ ማለትም ከ200 ግራም ውስጥ 50 ግራሙን፣ በጤፍ፣ በማሽላ፣ በገብስ ወይም በአጃ ቢተኩ ሌላ ምንም ሳይነኩ ይሆናል። ከተሳካ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሲሶ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ይሂዱ። ዳቦ ላይ ከ100 ግራም 20 ግራም አይለፉ፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ 9ኛውን እርምጃ ይጠቀሙ። ወፍጮ ቤት የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ግን ግሉተን ስላለው እስከ ግማሽ ድረስ ያለ ችግር ይገባል።

ብስኩትና ፓንኬክ ሙሉ በሙሉ በጤፍ ይሠራሉ። ቀይ ጤፍ ከቸኮሌትና ከማር ጋር በጣም ይስማማል፤ ነጭ ጤፍ ለቫኒላ ኬክ ይሻላል። ዳጉሳ ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ ከጠቅላላው ዱቄት እስከ አንድ አምስተኛው ድረስ ብቻ ያስገቡት። የሽምብራ ዱቄት ጥሬ ጥሬ ስለሚል በደረቅ ምጣድ ለጥቂት ደቂቃ አመስ አድርገው ያቀዝቅዙት፤ ኦቨን ውስጥም ቶሎ ይጠቁራልና ይከታተሉት። የሩዝ ዱቄት ብስኩትን ያንኮሻኩሻል፤ ኬክን ግን ያደርቃል።

ኬክዎ እንዲለሰልስ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ከ125 ግራም ፉርኖ ዱቄት 16 ግራሙን (2 የሾርባ ማንኪያ) አውጥተው በኮርንስታርች ይተኩና አብረው ሁለት ጊዜ ይንፉት። ግሉተኑ ስለሚቀንስ ኬኩ ይለሰልሳል።

ጨርሶ ስንዴ የሌለበት ዱቄት ከተፈለገ 200 ግራም ጤፍ፣ 150 ግራም የላመ የሩዝ ወይም የነጭ ማሽላ ዱቄት፣ 150 ግራም ኮርንስታርች ቀላቅለው በክዳን ዕቃ ያስቀምጡ። ስታርቹ ጤፉንና ማሽላውን ያቀልላቸዋል፤ ያለ እሱ ኬኩ እንደ እርጥብ ቂጣ ይከብዳል። ይህ ቅልቅል ለኬክ፣ ለብስኩትና ለፓንኬክ ነው፤ ድፎ ዳቦ አይሠራም።

እርምጃ 8፦ ውሃ ጨምረው ሊጡን ያሳርፉ

ከነገለባው የተፈጨ እህል ከፉርኖ ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ የሚጠጣውም ቀስ ብሎ ነው። በተተካው እያንዳንዱ 100 ግራም ዱቄት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ወይም ወተት ይጨምሩና ሊጡን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሳርፉ። ሲያቀላቅሉት ቀጭን የመሰለው ከእረፍቱ በኋላ ይወፍራል፤ ያን ሳይጠብቁ ዱቄት የጨመረ ሰው ደረቅ ኬክ ይበላል። የበቆሎ ዱቄትን ለብቻው በፈላ ውሃ አርሰው 15 ደቂቃ ቢያቆዩት ፍሬ ፍሬ ማለቱ ይቀራል። ቤኪንግ ፓውደሩን ግን ከእረፍቱ በኋላ፣ ኦቨኑ ሲግል ይጨምሩ፤ እርጥበት ሲነካው ሥራውን ይጀምራልና። መብራት ቢጠፋም በዚህ መንገድ ሊጡ አይበላሽብዎትም።

እርምጃ 9፦ ለዳቦ የአብሲትን ዘዴ ይጠቀሙ

እንጀራ የሚጋግር ቤት ይህን ያውቀዋል። ከቦካው ሊጥ ከፊሉ በፈላ ውሃ ይበስላል፣ ቀዝቅዞም ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ጤፉ ግሉተን ባይኖረውም የበሰለው ስታርች ሊጡን አያይዞ አየሩን እንዲይዝ ይረዳዋል፣ ዓይኑም ይወጣል። ያንኑ ዘዴ ማሽላ ወይም ጤፍ በብዛት ወደሚገባበት ዳቦ መውሰድ ይቻላል። ለ350 ግራም ፉርኖና ለ150 ግራም ማሽላ እንዲህ ይደረጋል፦

ሀ. ከማሽላው 30 ግራሙን በ150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡና ዝቅ ባለ እሳት ላይ እያማሰሉ እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን ያብስሉት፤ ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ታች ለአፍታ መታየት አለበት።

ለ. እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ያቀዝቅዙት። ትኩስ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፤ ይህን አያቻኩሉ።

ሐ. ቀሪውን 120 ግራም ማሽላ፣ ፉርኖውን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 9 ግራም ጨውና 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ይሹት። ሊጡ ከስንዴ ሊጥ ይበልጥ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ እጅዎን በውሃ ወይም በዘይት ያርጥቡ እንጂ ዱቄት አይጨምሩ።

መ. እጥፍ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ወደ መጋገሪያው ያስገቡት። ሙሉ በሙሉ እጥፍ ከሆነ ኦቨን ውስጥ ለሚመጣው መለጠጥ የሚቀረው አቅም ስለሌለ ይወርዳል። በ200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩት፤ ታቹን ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል።

እርምጃ 10፦ በጾም ወቅት እንቁላሉን በተልባ ይተኩ

ለ1 እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ማንኪያ ሲያነሱበት እንደ እንቁላል ነጭ መሳብ አለበት። ተልባ ያያይዛል እንጂ እንደ ተመታ እንቁላል አየር አይዝም፤ ስለዚህ ከ2 እንቁላል በላይ በሚጠይቅ ኬክ ላይ ተልባና ከፍተኛ የጤፍ መጠን አንድ ላይ አያድርጉ። በጾም ኬክ የጤፉ ድርሻ ከሩብ አይለፍ።

ማስጠንቀቂያዎች

ሴሊያክ በሽታ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ላለበት ሰው የሚያበስሉ ከሆነ ስንዴ ብቻ ሳይሆን ገብስና በሶም ግሉተን እንዳላቸው ይወቁ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሽምብራና ቡላ በተፈጥሯቸው የላቸውም። ሆኖም ከእርስዎ በፊት ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ የሚፈጭ ጤፍ ንጹህ አይሆንም፤ ገበያ ላይ የሚሸጥ ዱቄትና እንጀራም ከሌላ እህል ጋር ሊቀላቀል ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው እህሉን ራስዎ ለቅመው፣ ቤት ውስጥ ለዚያ ብቻ በተለየ መፍጫ ይፍጩ።

የሽምብራ ዱቄት ተፈጭቶ ሲገዛ ጓያ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ የማድረግ ጉዳት ስላለው ሽምብራውን በፍሬው ገዝተው፣ ለቅመው ማስፈጨት ይመረጣል።

ጥሬ ሊጥና ያልበሰለ ዱቄት አይቅመሱ፣ ለልጆችም አይስጡ፤ ዱቄት ያልተቆላና ያልበሰለ እህል ስለሆነ ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ወፍራም ሶስና አጥሚት ሲንተከተክ ይፈነጥቃል፤ ከውሃ ይልቅ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ቃጠሎው ይከፋል። እሳቱን ዝቅ አድርገው ረጅም እጀታ ባለው ማማሰያ ያማስሉ።

የተለመዱ ስህተቶች

ምጥን ሽሮን እንደ ሽምብራ ዱቄት መጠቀም። በርበሬና ቅመም የገባበት ስለሆነ ለወጥ እንጂ ለፓንኬክም ለነጭ ሶስም አይሆንም።

ሶሱ ወፍሮ ካበቃ በኋላ ጠረጴዛ ላይ መቅጠኑ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተቀመሰበት ማንኪያ ሳይታጠብ ወደ ድስቱ መመለሱ ነው፤ ምራቅ ውስጥ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ለመቅመሻ ሌላ ማንኪያ ይያዙ።

በኮርንስታርች የወፈረን ሶስ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ። ሲቀልጥ ውሃው ይለያል፣ የቀረው እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ለማቆየት ካሰቡ ሲፈልጉት አዲስ ይሥሩ።

ኬኩ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ጠርዙ መድረቁ። ጤፍና ማሽላ ውሃ ስለሚይዙ መሐሉ ዘግይቶ ይበስላል፤ ሰፊና ዝቅ ያለ መጋገሪያ ይጠቀሙ፣ ስንጥር ሰክተው ያረጋግጡ።

ትኩሱን መቁረጥ። ግሉተን የቀነሰበት ኬክና ዳቦ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠነክረው፤ ትኩሱን የቆረጠ ሰው ቢላዋው ላይ ሊጥ ያገኝና «አልበሰለም» ብሎ ይመልሰዋል። ኬክን ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ዳቦን 2 ሰዓት ያቆዩት።

ያረጀ ቤኪንግ ፓውደር ይዞ ዱቄቱን መውቀስ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ላይ ይጨምሩ፤ ወዲያው ካልተፍለቀለቀ ይጣሉት።

ዱቄቱን ያስፈጩበትን ቀን አለመጻፍ። ከነገለባው የተፈጨ ዱቄት በክዳን ዕቃ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ከ1 እስከ 2 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ለማቆየት በጥብቅ ታስሮ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ቀኑንና የእህሉን ስም ዕቃው ላይ ለጥፈው ያስቀምጡ፤ ነጭ ማሽላና የሩዝ ዱቄት ጎን ለጎን ሲቀመጡ በዓይን አይለዩም።